ከአርታ በባዶ እጅ

ጅግጅጋ ያደገ ልጅ ባሕርን የሚያውቀው በዕቃው ነው። ከበርበራ ወደብ የተራገፈ ሩዝ፣ ፓስታ፣ የዱቄት ወተት፣ ቱናና ሰልባጅ በሀርጌሳ አድርጎ በቶጎ ውጫሌ ይገባና የገበያውን መደብ ይሞላዋል። ሌሊት የገባ መኪና ካለ ጠዋት ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። «ምን መጣ?» ይባላል እንጂ «ከየት መጣ?» የሚል አልነበረም። የጎረቤቶቻችን የወተት ዕቃ በዛጎል ያጌጠ ነበር። ዛጎሉን በጣቴ እየዳበስኩ ስጫወት፣ በውስጡ አንድ ጊዜ ነፍስ ያለው ነገር ይኖር እንደነበር የነገረኝ የለም።

ባሕር ውስጥ ስለሚኖረው ነገር መጀመሪያ ያወራኝ አንድ የክፍል ጓደኛዬ ነው። በ1980 ግንቦት የሀርጌሳው ጦርነት ሲነሳ ሕዝቡ ድንበር ተሻግሮ ወደ እኛ ጎረፈ። እረኛ ብቻ የሚያውቀው የሀርቲሼክ ሜዳ የስደተኛ ከተማ ሆነ፤ በዓለም ካሉት ሁሉ ትልቁ የስደተኛ መጠለያ እስኪባል ደረሰ። ዘመድ ያላቸው ደግሞ ጅግጅጋ ገቡ። ልጁ ከበርበራ ከመጡት አንዱ ነበር። የበርበራን ሙቀት ያወራናል፤ በሰኔና በሐምሌ ነፋሱ አሸዋ ይዞ ሲነሳ አቅም ያለው ሁሉ ወደ ሼክ ተራራ እንደሚሸሽ ይነግረናል። ይህን እናምነዋለን። ወደ ዓሣው ሲመጣ ግን ነገር ይበላሻል።

«ከኤንትሬ የሚረዝም ዓሣ አለ። ጀርባው ነጠብጣብ ነው። ሰው ግን አይበላም።»

ኤንትሬ ማለት ያን ጊዜ በሐረር መንገድ ካራማራን እያቃሰተ የሚወጣው የጭነት መኪና ነው። ከእርሱ የሚበልጥ ነገር በዓይናችን አይተን አናውቅም። ልጁ ግን አይናደድም፤ የትምህርት ቤቱን ግቢ በእርምጃ እየለካ «እዚህ ራሱ ነው፣ እዚያ ጅራቱ» ይለናል። ያን ዕለት ስሙ ተለወጠ፤ ከተማውን ለቅቆ እስኪሄድ ድረስ «ኤንትሬ» እያልን ጠራነው። በግመል አርቢ ሀገር ዓሣ በላተኛ ራሱ ከፍ ብሎ አይታይም፤ ስለ ዓሣ የሚያወራ ልጅ ምን ያህል ይከበራል?

ባሕሩን በዓይኔ ያየሁት ብዙ ዘግይቼ፣ ሽኒሌ አስተማሪ ሆኜ ሳለሁ፣ በ1998 ታኅሣሥ ነው። የአንድ የሥራ ባልደረባዬ አጎት ጅቡቲ ይኖሩ ነበር። የቀድሞ ባሕር ኃይል ሰው ናቸው። ምፅዋ በየካቲት 1982 ከተያዘች በኋላ ከአንዱ ወደብ ወደ ሌላው ሲሉ ኖረው በመጨረሻ ጅቡቲ አረፉ። «ሽኒሌ ተቀምጣችሁ ባሕር ሳታዩ ልታረጁ ነው? ኑና አንድ ቀን ላውላችሁ» ብለው ላኩብን። የይለፍ ወረቀታችንን ይዘን ከድሬዳዋ ተሳፈርን።

ያ ባቡር አሁን የለም። ዛሬ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር በሌላ ሐዲድ ላይ ይበራል። የእኛው ግን ፈረንሳዮች በ1895 ድሬዳዋ ባደረሱት መስመር ላይ እያነከሰ ነበር የሚጓዘው። ሲወርድ ጫትና አትክልት፣ ሲወጣ ጨርቅና ሽቶ ይጭናል። መቀመጫው የነጋዴ ሴቶቹ ነው፤ ሌላው ሰው በእነርሱ ፈቃድ ይቀመጣል። አጠገቤ የነበሩት ኤዶ (በሶማልኛ አክስት ማለት ነው) ማዳበሪያቸውን ገፋ አድርገው ቦታ ከሰጡኝ በኋላ «ለምን ትሄዳለህ?» አሉኝ። «ዓሣ ለማየት» ስላቸው ፊቴን ቆየት ብለው አዩና ውኃ አቀበሉኝ፤ ፀሐይ የመታኝ መስሏቸው መሰለኝ። ሚሎን፣ አዲጋላን፣ አይሻን፣ ደወሌን እያልን ወረድን። ከአሊ ሳቢህ በኋላ የሆልሆልን የብረት ድልድይ ስንሻገር ሙቀቱ ከታች ወደ ላይ ይመጣ ጀመር። ታኅሣሥም ሆኖ!

በማግሥቱ ማለዳ የባልደረባዬ አጎት፣ ጋሼ የምንላቸው፣ ወደብ ዳር ጠበቁን። ጀልባዋ ሞተር ከኋላዋ የተገጠመላት ፋይበር ግላስ ናት፤ ባሕረኛው የታጁራ አፋር። ጋሼ ትእዛዝ ሰጡ፦ ከኋላ ተቀመጡ፣ ከፊት ያለ ሰው ነው ብዙ የሚናጠው፤ እግራችሁን አትዩ፣ ሰማይና ባሕር የሚገናኙበትን መሥመር ብቻ እዩ፤ ደረቅ ዳቦ ብሉ። እኔ መሥመሩን አየሁ፤ ባልደረባዬ የአጎቱን ምክር ስላልሰማ ቁርሱን ለታጁራ ባሕረ ሰላጤ አስረከበ።

በስተቀኛችን ከማዶ የጎዳ ተራሮች፣ በስተግራችን ቡናማና ባዶ ዳርቻ። ዶልፊኖች ከየት እንደመጡ ሳናውቅ ከጀልባዋ አፍንጫ ፊት ይዘሉ ጀመር። ባሕረኛው ፍጥነት ሲጨምር እነርሱም ይጨምራሉ፤ ሲቀንስባቸው ትተውን ሄዱ። ስለ እነርሱ ብዙ አልጽፍም፣ ዶልፊን ራሱን ማስተዋወቅ የሚችል እንስሳ ነው።

አርታ ከሚባለው ዳርቻ ስንደርስ ሞተሩ ጠፋ። ውኃው እንደጠበቅኩት ሰማያዊ አልነበረም፤ አረንጓዴ ቀለም ያለው ድፍርስ ነው። ጋሼ ድፍርስነቱ ምግብ መሆኑን አስረዱን። ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ጥርና የካቲት ድረስ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነፍሳት በዚህ ዳርቻ ይበዛሉ፤ ዌል ሻርክ የሚባለው ዓሣም እነርሱን ብሎ ይመጣል። ስሙ ዓሣ ነባሪ ያስመስለዋል እንጂ አየር ለመሳብ የማይወጣ እውነተኛ ዓሣ፣ ከዓሦችም ሁሉ ትልቁ ነው።

«ጭምብሉን አጥልቅና ፊትህን ብቻ ንከር» አሉኝ። መዋኘት አልችልም፤ ዝናብ ሲመጣ ከሚወርድ ጎርፍ በቀር ውኃ በሌለበት ሀገር ማን ያስተምረኛል? ሕይወት አድን ሰደርያ ለብሼ፣ በአንድ እጄ የጀልባዋን ገመድ ይዤ ገባሁ። መጀመሪያ ያየሁት አፉን ነው። ሰፊ፣ የተከፈተ፣ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ የሚመጣ አፍ። ውኃውን ይምገውና ከጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ባሉት ክፍተቶች ያስወጣዋል፤ ምግቡን አጥልሎ ያስቀራል። ገመዱን የያዘው እጄ ደነዘዘ። እርሱ ግን ልክ አጠገቤ ሲደርስ አንድ ክንፉን ዝቅ አድርጎ ከሥሬ አለፈ። ሆዱ ሥር ትንንሽ ዓሦች ተለጥፈው ይጓዛሉ። ጀርባው ላይ ነጫጭ ነጠብጣቦች በረድፍ በረድፍ፣ በመካከላቸው ስስ መሥመሮች። ጅራቱ እስኪያልፍ ትንፋሼን ይዤ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ከባሕር የመጣ ማንኛውም ነገር ዋጋ ነበረው፤ ተከራክረን እንገዛዋለን። ይህኛው የማንም ዕቃ አልነበረም፤ እኔንም እንደ ተንሳፋፊ እንጨት ቆጥሮ አልፎኛል።

ወጥቼ «ኤንትሬ አያክልም» አልኩ። ጋሼ ነገሩ ስላልገባቸው ተረኩላቸው። ሳቁና እዚህ የሚመጡት አብዛኞቹ ልጆች እንደሆኑ፣ ከሦስት እስከ አምስት ሜትር የሚደርሱ ወጣት ወንዶች እንደሆኑ ነገሩኝ፤ ያደገው አሥራ ሁለት ሜትርና ከዚያም በላይ ይሆናል። ጓደኛዬ ግቢውን ሲለካ ቀንሶ ኖሯል። ነጠብጣቡ እንደ ሰው የጣት አሻራ ከአንዱ ወደ አንዱ እንደሚለያይ፣ ተመራማሪዎችም ኮከቦችን ለመለየት በተሠራ የኮምፒውተር ስሌት ፎቶግራፋቸውን እያመሳሰሉ እንደሚለዩዋቸው ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ልጁ ካናዳ ገባ ሲባል ሰምቻለሁ። አድራሻው ቢኖረኝ ይህን ቀድሜ የምጽፈው ለእርሱ ነበር።

ምሳ ጀልባዋ ላይ በላን። ጋሼ ወደ ምዕራብ፣ ጉበት ወደሚባለው የባሕር ወሽመጥ እያመለከቱ ከዚያ ባሻገር በ1971 አርዱኮባ የሚባል እሳተ ገሞራ ለአንድ ሳምንት ያህል እንደፈነዳ፣ አሁንም ምድሩ እየተሰነጠቀ መሆኑን ነገሩን። ይህን ወሬ ያስታወሰኝ ነገር አለ፦ በቅርቡ አንድ ዘመዴ አላስካ ውስጥ ስዋርድ ከምትባል የወደብ ከተማ ተነሥቶ፣ እንደ እኛው የአንድ ቀን የጀልባ ጉዞ ሄዶ ቪዲዮ ላከልኝ። የበረዶ ግግር ተገምሶ ባሕር ውስጥ ሲወድቅ፣ ዓሣ ነባሪ ጅራቱን ሲያነሣ ያሳያል። ያምራል፣ አልክድም። ነገር ግን እዚያ ተራራውን የሚቀርፀው ብርድ ነው፤ በእኛ በኩል እሳት ነው የሚሠራው። ባሕር ከሆነ የእሳቱን ዳር እመርጣለሁ፤ ቢያንስ ካፖርት አያስፈልግም።

ስንመለስ ደወሌ ላይ ፍተሻ ነበር። ከጅቡቲ የሚመጣ ሰው ሻንጣው አብጦ ነው የሚመጣው፤ አንዳንዱ ሦስት ሱሪ ደርቦ ይለብሳል። የእኛ ቦርሳ ግን ተልፈስፍሷል። ፈታሹ ይህንን አልወደደውም።

«ምን ይዛችኋል?»

«ምንም።»

«ጅቡቲ ድረስ ሄዳችሁ?»

እርጥብ ፎጣዬን አወጣ፣ ሸሚዜን አራገፈ፣ ጫማዬን ገለበጠ። ከኋላችን የተሰለፉት ነጋዴዎች መሳቅ ጀመሩ። ስንወርድ አጠገቤ ተቀምጠው የነበሩት ኤዶም እዚያው ነበሩ። «ተዋቸው ልጄ፣ እነዚህ ዓሣ ሊያዩ ነው የሄዱት» አሉት።

«ዓሣው የታለ?»

«እዚያው» አልኩ።

ቦርሳዬን እንደገና ተቀበለኝና ገበሩን መዳበስ ጀመረ።