ትንሹ ሞተር ወይስ ትልቁ? የማንኪራ መንገድ ይፍረድ

ደብል ጋቢና ፒክአፕ ለመግዛት ለዓመታት ገንዘብ ያጠራቀመ ቤተሰብ መጨረሻ ላይ ከአንድ ጥያቄ ጋር ይፋጠጣል፦ ባለ 2.4 ሊትር ሞተሩ ይሻላል ወይስ ባለ 2.8? አባት ዳገት ላይ እንዳያሳፍረን ብሎ ትልቁን ይመርጣል። እናት የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ አስልታ ትንሹ ይበቃናል ትላለች። ጎረቤት፣ ደላላና የሰፈር መካኒክም የየራሳቸውን ይጨምሩበታል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ከተነገረ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ከብዷል። የብዙ ገዢ ዓይን ቀድሞ በገባው መኪና ላይ ስላረፈ፣ አንዴ ገዝቶ ያልተስማማው ሰው በቀላሉ ለውጦ አይወጣም።

ይህን ክርክር ሳሎን ተቀምጦ መጨረስ ያስቸግራል። መንገድ ላይ ግን ቶሎ ይፈታል። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በጅማ በኩል ቦንጋ፣ ከዚያም የቡና መገኛ እንደሆነች የሚነገርላት ማንኪራ ድረስ የሚወስደው ጉዞ ለዚህ ጥሩ ፈተና ነው። ደጋው፣ ሞቃት ሸለቆው፣ ረጅሙ ዳገትና ጭቃው ሁሉም በ460 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ ተሰልፈው ይጠብቁዎታል። ይምጡ፣ አብረን እንሂድ።

ከመነሳትዎ በፊት

በአገራችን በብዛት የሚታየውን ቶዮታ ሃይሉክስ ለምሳሌ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ትውልድ ባለ 2.4 ሊትሩ የናፍጣ ሞተር 150 የፈረስ ጉልበት ገደማ አለው። ባለ 2.8 ሊትሩ ሲወጣ 177 ገደማ ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ 204 አደገ። መካኒኮች ቶርክ የሚሉት፣ የተጫነ መኪናን ከቆመበት የሚያነሳው የመጎተት ጉልበት፣ በትንሹ ሞተር እስከ 400 ኒውተን ሜትር ይደርሳል። በትልቁ ደግሞ እንደ ካምቢዮው ዓይነትና እንደ ዘመኑ ከ420 እስከ 500 ይሄዳል።

አሁን ዞር ብለው የቆየውን ላንድክሩዘር ፒክአፕ ይመልከቱ። ባለ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው ሞተሩ 130 የፈረስ ጉልበትና 285 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው ያለው። በሊትር ሲለካ ከ2.4ቱ እጅግ ይበልጣል፤ በጉልበት ግን ያንሳል። ልዩነቱን ያመጣው ቱርቦ ነው። ያ አሮጌ ሞተር እስከ ዛሬ የሚፈለገው በፍጥነቱ ሳይሆን በትዕግሥቱ ነው፤ ኮምፒውተር የማያዝዘው፣ የገጠር መካኒክም ፈትቶ የሚገጥመው ሞተር ነውና።

ቱርቦው ለእኛ አገር የተለየ ትርጉም አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። ከፍታ ሲጨምር አየር ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ስለሚያጣ፣ አዲስ አበባ ላይ አምስተኛው ያህል የለም ማለት ነው። ቱርቦ አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ አብዛኛውን ይመልሰዋል። ስለዚህ አሮጌ ፒክአፕ የሚገዙ ከሆነ ስለ ሊትሩ ከመጠየቅዎ በፊት ቱርቦ አለው ወይ ብለው ይጠይቁ።

የግቤ ዳገት

ሰበታን፣ ቱሉ ቦሎንና ወሊሶን አልፈው ወልቂጤ ሲደርሱ መኪናዎ ገና አልተፈተነም። ግራና ቀኝ እንሰቱን እያዩ፣ በአምስተኛ ማርሽ ዘና ብለው ነው የመጡት። ከወልቂጤ በኋላ መንገዱ ወደ ግቤ ሸለቆ መውረድ ይጀምራል። ጋቢናው ይሞቃል፣ ልጆች ሹራባቸውን ያወልቃሉ፣ መስኮት ይከፈታል። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ከፍታው ወደ 1,100 ሜትር ገደማ ወርዷል።

ቁልቁለቱ ላይ የሞተር መጠን እምብዛም አያድንዎትም። የሚያድንዎት ማርሽ ነው። የድሮ ሹፌሮች ደንብ፣ በወጣህበት ማርሽ ውረድ የሚለው፣ ዛሬም ይሠራል። በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ሲይዘው ፍሬኑ አይግልም። የጋለ ፍሬን ደግሞ በባለ 2.8ም በባለ 2.4ም እኩል ይከዳል።

ድልድዩን ተሻግረው ወደ አበልቲና ሶኮሩ አቅጣጫ ሲወጡ ግን እውነተኛው ጥያቄ ይነሳል። እስቲ እናስላው። ፒክአፕዎ ከነሰዉና ከነጭነቱ 3 ቶን ቢመዝን፣ ዳገቱም በየ100 ሜትሩ 7 ሜትር ከፍ የሚል ቢሆን፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለመውጣት 70 የፈረስ ጉልበት ያህል ይበቃል። ባለ 2.4ቱ ከዚህ እጥፍ በላይ አለው። ሞልተው ጭነው እንኳ ዳገቱ አያሳፍርዎትም ማለት ነው። ቱርቦ የሌለው የድሮ ሃይሉክስ ግን ሲወጣ ከመቶ በታች የፈረስ ጉልበት የነበረው ስለሆነ፣ ከፍታው ላይ ትርፍ የሚባል ነገር አይቀረውም፤ ማርሽ ቀንሶ እያቃሰተ ይወጣል።

ታዲያ ትልቁ ሞተር ምን ይጨምራል? መልሱ ከፊትዎ አለ። የተጫነ አይሱዙ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር እየተንፏቀቀ ይወጣል፣ ከኋላው ሚኒባስ፣ ከሚኒባሱ ኋላ እርስዎ። ቀጥ ያለ መንገድ አግኝተው ለመቅደም ሲወጡ በተቃራኒው መስመር ላይ የሚያሳልፉት እያንዳንዱ ሰከንድ ዋጋ አለው። እዚህ ላይ ትርፍ ጉልበት ያለው ሞተር ሰከንዶቹን ያሳጥርልዎታል። የትልቁ ሞተር ሐቀኛ ጥቅም ይህ ነው። ነገር ግን ኩርባ ላይ እንዲቀድሙ ካደፋፈረዎት ጥቅሙ ወደ ጉዳት ይዞራል። ከኋላ ወንበር ልጆች የያዘ ሰው ከአይሱዙው ኋላ አሥር ደቂቃ ቢታገስ ጅማ ምሳ አያመልጠውም።

ጅማ ላይ ነዳጅ

ጅማ ሲገቡ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድተዋል። የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ጅሬን ላይ ለማሳየት ልጆቹን ካወረዱ፣ እግረ መንገድዎን ማደያ ይግቡና የወጪውን ጉዳይ እናንሳ።

በአምራቹ መለኪያ በሁለቱ ሞተሮች መካከል ያለው የነዳጅ ልዩነት በ100 ኪሎ ሜትር ከአንድ ሊትር አይበልጥም። ቦንጋ ደርሶ መልስ 920 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ ልዩነቱ ከአሥር ሊትር በታች ነው። ትንሹን ሞተር በነዳጅ ቁጠባ ስም የሚሸጥልዎት ሰው ብዙም እየጠቀመዎት አይደለም። በተጫነ መኪና ዳገት ላይ ትንሹ ሞተር ጠንክሮ ስለሚሠራ ያቺም ልዩነት ትጠባለች። ገንዘቡ የሚለያየው በግዢው ዋጋና በመለዋወጫው ነው።

ሁለቱም ዘመናዊ ሞተሮች ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት የሚረጩ ኖዝሎች አሏቸው። ውኃ ወይም ቆሻሻ የገባበት ናፍጣ ለሁለቱም ጠላት ነው። ከጀሪካን የተገዛ ናፍጣ ዛሬ ያደርስዎታል፣ ነገ ግን ብዙ ያስከፍልዎታል። 80 ሊትር የሚይዘው ታንከር በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ቢበላ 800 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። ስለዚህ ጅማ ላይ ሞልተው ከወጡ ቦንጋ፣ ማንኪራ ደርሰው እንደገና ጅማ እስኪመለሱ ድረስ በቂ አለዎት።

በጎጀብ በኩል ቦንጋ

ከጅማ ወደ ቦንጋ ያለው 110 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ የጉዞው ውብ ክፍል ነው። የበለጠ ጫካን ያቋርጡና በሸቤ በኩል ወደ ጎጀብ ወንዝ ይወርዳሉ። ወንዙን ሲሻገሩ ካፋ ገቡ። ከዚያ ጊምቦን አልፈው ቦንጋ እስኪገቡ ድረስ መንገዱ ኩርባና አረንጓዴ ነው።

ቦንጋ 1,750 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በኮረብቶች መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት። የካፋ ዞን ዋና ከተማ ነች። በ2014 ዓ.ም. ከተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫዎችም አንዷ ናት። የብሔራዊ ቡና ሙዚየሙ እዚህ ነው። ዙሪያው ከ760 ሺህ ሄክታር በላይ የሚሸፍነው የካፋ ባዮስፌር ሪዘርቭ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ጠዋት ከእንቅልፍዎ ሲነሱ ጉሙ ከጫካው ላይ ገና አልተነሳም። የካፋን ማር ቀምሰው ቁርስዎን ይብሉ፤ ቀኑ ረጅም ነው።

ቦንጋ ውስጥ መኪናዎትን አቁመው በመንገድ የሚያልፈውን ፒክአፕ ይቁጠሩ። ቡና የሚጭነውን፣ የመሥሪያ ቤቱን፣ የነጋዴውን። ከዚያ ጋራዥ ገብተው አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ የየትኛው ሞተር መለዋወጫ እዚህ ይገኛል? መኪናዎ አዲስ አበባ ብቻ የሚኖር ከሆነ ይህ አያስጨንቅዎትም። ቤተሰብዎ ወይም ሥራዎ ካፋ ከሆነ ግን የዚህ ጥያቄ መልስ ከፈረስ ጉልበት ይበልጣል።

ማንኪራ

ከቦንጋ ወደ ደቡብ፣ ወደ ዴቻ አቅጣጫ፣ ከአስፋልት ወርደው በገጠር መንገድ ወደ ማንኪራ ይገባሉ። ከመንገዱ ጋር የሚተዋወቅ የአካባቢው ሰው አብሮዎት ቢሆን ይመረጣል። አፈሩ ቀይ ነው። በበጋ ይቦንናል፣ በዝናብ ሳሙና ይሆናል። ካፋ ደግሞ ዝናቧ ረጅም ነው፤ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ድረስ ሊዘንብ ይችላል።

አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው ክርክር እዚህ ጉልበቱን ያጣል። በጭቃ ውስጥ ፍጥነትዎ በሰዓት አሥር ኪሎ ሜትር ነው። ፎርዊል አስገብተው ወደ ፎር ሎው ሲያወርዱት የሞተሩ የመጎተት ጉልበት ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ተባዝቶ ወደ ጎማ ይደርሳል። 400ውም 500ውም ጭቃው ከሚቀበለው በላይ ይሆናሉ። ከዚህ በኋላ የሚወስነው ጎማው መሬት መያዙ ነው። ጥርሱ ያለቀ ጎማ ላይ የተጨመረ ጉልበት ቦታው ላይ እየተሽከረከረ ጉድጓዱን ከማስፋት ሌላ ፋይዳ የለውም። ጉድጓዱ ደግሞ ለማንኪራ ገበሬ ይቀራል። እርስዎ ነገ ይሄዳሉ፣ እሱ ቡናውን በዚያው መንገድ ያወጣል። ጭቃው ከከፋ መኪናውን ደረቅ ቦታ አቁሞ በእግር መሄድ ውርደት የለውም።

በእግር መሄዱማ አይቀርም። ጫካው ውስጥ ሲገቡ ትልልቆቹ ዛፎች ከላይ ይጋርዱዎታል፣ ቡናው ከሥራቸው ጥላ ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሟል። የተተከለ አይደለም፣ በረድፍ አልቆመም፤ ዘሩ በወደቀበት የበቀለ ነው። ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘል ልጆችዎ ይጮኻሉ። ካፋዎች ቡናን ቡኖ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1753 ሊኔየስ ለዓለም ስሙን ሲመዘግብ የዓረብ ቡና ብሎ ጻፈው እንጂ፣ መነሻው ይህ የእኛ ደቡብ ምዕራብ ጫካ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ከመጡ ቀዩን እሸት ሲለቀም ያያሉ፣ መንገዱም እየደረቀ ይሄዳል።

እንግዲህ የትኛውን ይግዙ?

ከመኪናው በፊት የራስዎን ዓመት ይመልከቱ። ከ365 ቀን ውስጥ ስንቱን ቀን ተጭነው ይሄዳሉ? አብዛኛው ቀን ቤት፣ ትምህርት ቤትና ሥራ ከሆነ፣ በዓመት ሁለቴ ሦስቴም አገር ቤት ከሄዱ፣ ቱርቦ ያለው ባለ 2.4 ሊትር ሞተር ማንኪራ አድርሶ ይመልስዎታል። በየሳምንቱ ባለ 60 ኪሎ አሥር ኬሻ ቡና ጭነው የግቤን ዳገት የሚወጡ፣ ወይም ተጎታች የሚስቡ ከሆነ ግን ትልቁን ይግዙ። ሞተሩ ሳይጨነቅ ይሠራል፣ ለመቅደምም ትርፍ ይኖርዎታል፤ ጭማሪ ዋጋውንም በሥራው ይመልሰዋል።

ያገለገለ ከሆነ ደግሞ የሁለቱ ምርጫ ሌላ መልክ ይይዛል። በደንብ የተያዘ ትንሽ ሞተር ከተጎዳ ትልቅ ሞተር ይበልጣል። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ሲነሳ ይዩት፣ ጭሱን ይመልከቱ፣ ዳገት ላይ ይሞክሩት፣ ፍሪሲዮኑና ባሌስትራው እንዳይረሳ፣ ፎርዊሉም መግባቱን በዓይንዎ ያረጋግጡ። ብዙ ፎርዊል ለዓመታት ሳይነካ ቆይቶ በሚፈለግበት ቀን እምቢ ይላል።

ትንሹን መርጠው የተረፈዎትን ገንዘብ ደግሞ በቦታው ያውሉት። ጥሩ አራት ጎማ፣ የጎማ መሙያ፣ ጠንካራ የመጎተቻ ገመድና አካፋ ይግዙበት። ከዚያም የቀረ ካለ ቤተሰቡን ይዘው ወደ ማንኪራ የሚሄዱበት ነዳጅ ይሁን። ልጆችዎ የሚጠጡትን ሳይሆን እናታቸው በየጠዋቱ የምታፈላውን ቡና፣ ከበቀለበት ጫካ ውስጥ ቆመው ያዩታል። ያንን ለማየት 2.4 ሊትር ይበቃል።

መልካም ጉዞ!