እህቴን ላዋራት ብዬ ስፓኒሽ ተማርኩ

የዛሬው ጨዋታዬ ስለ ስፓኒሽ ሰዋስው ነው። «ኧረ በማርያም!» ብላችሁ ገጹን እንዳትገለብጡት። ለእኔ ነገሩ የትምህርት ጉዳይ ብቻ አልነበረም።

ይኸውላችሁ፣ የግንደወይን ልጅ ነኝ። ከብቸና ወደ ሞጣ ስትሄዱ የምታገኟት የምሥራቅ ጎጃም ከተማ ናት። እናታችን ስትሞት እኔ አሥራ አንድ፣ ታናሽ እህቴ ሦስት ዓመታችን ነበር። እኔን አክስቴ አሳደገችኝ፤ እህቴ በጉዲፈቻ ስፔን ሄደች። በውጭ አገር ጉዲፈቻ በሕግ እስከተከለከለበት እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ እንደሷ ወደ ስፔን የሄዱ የኢትዮጵያ ልጆች በሺዎች ይቆጠራሉ። እኔና እሷ በስልክ የተገናኘነው ገና አምና ነው። መልኳ ቁርጥ እናቴን! ግን ከአማርኛ አንዲት ቃል እንኳ አልቀራትም። እኔም ስፓኒሽ የማውቀው ከኳስ ብቻ ነው። ተያየን፣ ሳቅን፣ ዘጋን። ስልኩ የሚተረጉምልን ነገር ደግሞ የመድኃኒት ማሸጊያ ላይ ያለ ጽሑፍ ይመስላል፤ ሰው ሰው አይሸትም።

ታዲያላችሁ፣ በከተማችን ኩባ የተማሩ አንድ ጡረተኛ የእንስሳት ሐኪም አሉ። ከሶማሊያ ጦርነት በኋላ፣ በ1970ዎቹ፣ ወላጆቻቸውን በጦርነቱ ያጡትን ጨምሮ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆቻችን ወደ ኩባዋ የወጣቶች ደሴት ተልከው ተምረዋል። ጋሼም ከነሱ አንዱ ናቸው። ሄጄ ችግሬን ነገርኳቸው።

ጋሼ ሰንጠረዥ የሚባል ነገር አላስሸመደዱኝም። «በቀን የምትለውን በአማርኛ በልና እናያለን» ነው የሚሉት። «ላ ሊጋ፣ ኤል ክላሲኮ ትል የለ? በቃ፣ የሴትና የወንድ መነሻ ገብቶሃል» አሉኝ በመጀመሪያው ቀን። «አብሎ» ማለት «እናገራለሁ» ነው። «እኔ» ማለት አያሻም፣ ግሱ ባለቤቱን ጅራቱ ላይ ይዞታል፤ ልክ እንደ አማርኛው። እንግሊዝኛ ግን «አይ» ካላሉት ንቅንቅ አይልም!

«ራሴን አመመኝ» ሲሉ «ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ» ይላሉ። ራሱ ነው አሳማሚው፣ እኔ ታማሚው። «ቡና ይጥመኛል» ደግሞ «ሜ ጉስታ ኤል ካፌ» ነው፤ እዚህም ባለቤቱ ቡናው ነው። «ነኝ» የሚለው ግን ለሁለት ይከፈላል። ማንነት ሲሆን «ሶይ»፣ ቦታና ሁኔታ ሲሆን «ኤስቶይ»። «ሲቸግርህ ‹አለሁ›ን አስብ» አሉኝ ጋሼ። «ቤት አለሁ ትላለህ። እንዴት ነህ ስትባልም አለሁ ትላለህ። ኤስቶይ እሱ ነው።» ሁልጊዜ ባይሠራም ብዙ ቦታ አድኖኛል።

የአክብሮቱ ደግሞ አሳቀኝ። «ኡስቴድ» ማለት «እርስዎ» ነው፤ ግሱን የሚዋሰው ከ«እሱ» ነው። እኛስ «እርስዎ ይበላሉ» ስንል ግሱን ከ«እሳቸው» አይደል የተዋስነው? ስፔን ያሉ ወጣቶች ግን ትልቁንም ትንሹንም «ቱ» (አንተ፣ አንቺ) ማለት ይቀናቸዋል። እህቴ አክስቴን «አንቺ» እያለች ስታዋራት እኔ «እርስዎ» እያልኩ እተረጉማለሁ። አክስቴ «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት!» ትላለች።

እናንተም ቋንቋ ስትጀምሩ ይቺን ልምከራችሁ፦ ከቤታችሁ የማይጠፋ ዓረፍተ ነገር ይዛችሁ ግቡ። እኔ ሁለቱን ቋንቋዎች ዘመድ ያልኳቸው ብርጭቆ ስሰብር ነው። በአማርኛ ሰበርኩት ከማለት «ተሰበረብኝ» እንላለን አይደል? ጋሼ ወዲያው «ሴ ሜ ሮምፒዮ ኤል ባሶ» አሉ። ቁልፍ ጠፋብኝ፣ «ሴ ሜ ፔርዲዮ ላ ያቤ»። አውቶብሱ ሄደብኝ፣ «ሴ ሜ ፉዌ ላ ጓጓ»። በኩባ አውቶብስ «ጓጓ» ነው። (በኛ የጓጓው ተሳፋሪው ነው!) እህቴ ይቺን ስትሰማ «የኩባ ሽማግሌ መሰልክ» ብላ ከት ብላ ሳቀች። ያቺ «ሜ» የኛ «ብኝ» ናት። ነገሩ የደረሰው በዕቃው ላይ ቢሆንም የጎዳው እኔን ነው ማለት ናት።

ከዚያ አንድ ማታ እህቴ «ማማ እንዴት ሞተች?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገ እነግርሻለሁ ብዬ ዘጋሁ። ስልኬን ብጠይቀው «ማማ ሙሪዮ» አለኝ። ትክክል ነው፣ ሞተች ማለት ነው። ግን የጎረቤት ሞት እንኳ እንዲህ አይነገርም።

ጠዋት ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። «በአማርኛ ምን ትላታለህ?» አሉኝ። «ታማ ሞተችብን» አልኳቸው። ጥቂት ዝም አሉ። እሳቸውም ኩባ የሄዱት አባታቸውን በጦርነቱ አጥተው ነው። «ሴ ኖስ ሙሪዮ በላት» አሉኝ። «‹ኖስ› የኛ ‹ብን› ናት።»

ማታ እንዲያው አልኳት። «ሴ ኖስ ሙሪዮ ማማ።»

«ኖስ?» አለች።

«ሲ፣ ኖስ። ለኔም ላንቺም።»

ስልኩ ላይ ፊቷን ዞር አደረገች። ቆይታ ስትመለስ ስለ ሕመሙ ጠየቀችኝ፣ ስለ ቀብሩ፣ ያን ቀን እሷ ማን እቅፍ ውስጥ እንደነበረች። እስከ እኩለ ሌሊት አወራን፤ በየመሐሉ የኃላፊ ጊዜ ግሶቼን እያረመችልኝ።