ያልመጣው ጣቢያ

በሲያትል ከተማ፣ ራኒየር ቫሊ በሚሉት ሠፈር የሚኖሩ አንድ አዛውንት ኢትዮጵያዊ፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ስልካቸውን አጥፍተው፣ ቡናቸውን አስቀርበው ከቴሌቪዥኑ ፊት የመቀመጥ ልማድ አላቸው። ከሃያ ዓመት በላይ ታክሲ ነድተዋል። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲን ቡድን፣ ሐምራዊ ለባሾቹን ሀስኪዎች መውደድ የጀመሩትም በዚያው ሥራ ላይ ነው፤ በጨዋታ ቀን ወደ ስታዲየም የሚያደርሷቸው ተሳፋሪዎች ሲሄዱ እየዘፈኑ፣ ሲመለሱ እየተነታረኩ፣ ሕጉንም ታሪኩንም ሳይጠየቁ አስተምረዋቸዋል። በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት ነገር ስለምን እግር ኳስ እንደ ተባለ ግን እስከ ዛሬ ያስረዳቸው የለም።

ኦገስት 15 ቀን 2012 (ቀኑም ዓመቱም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ዋሽንግተንን ጨምሮ የምዕራብ አሜሪካ ዐሥራ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸውን የስፖርት ቴሌቪዥን ከፈቱ። ፓክ 12 ኔትዎርክ ይባላል። አዛውንቱም ዜናውን ሰምተው ደስ እያላቸው የጣቢያዎቹን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ፈለጉ። የለም። እሳቸው ዘንድ ሥርጭቱ የሚመጣው ከጣራው ላይ በተተከለው ሳህን ሲሆን፣ ጣቢያው ግን የገባው ለኬብል ደንበኞች ነበር። ከአጥሩ ማዶ የሚኖረው፣ ልጅ ሆኖ ከአገር የወጣው ወጣት ጎረቤታቸው ቤት ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ጋሼ፣ ይህን ሳህን አስነቅለው ኬብል ያስገቡ እንጂ» አላቸው ወጣቱ።

«ውሌ መቼ አለቀና ልጄ? ደግሞስ ነገ ኬብሉ በተራው ሌላውን ቢያጠፋብኝ ወዴት ልሄድ ነው?»

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የስፖርት ማኅበሮቻቸውና የቴሌቪዥን አከፋፋዮቹ ለዓመታት ሲጣሉበት የኖሩት ጉዳይ እዚያች ጥያቄ ውስጥ አለ።

ጣቢያ ወደ ሰው ቤት የሚገባው በአከፋፋይ በኩል ነው፤ አከፋፋዩም ኬብል ዘርጊው ወይም የሳተላይት ድርጅቱ ነው። አከፋፋዩ ለጣቢያው ባለቤት በየወሩ የሚከፍለው ስንት ሰው አየ ተብሎ ሳይሆን ስንት ቤት ደረሰ ተብሎ ነው። አንድ ጣቢያ ከአንድ ቤት በወር 1 ዶላር ቢጠይቅና ቤቶቹ 10 ሚሊዮን ቢሆኑ፣ በዓመት 120 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል። ኳስ ጠልታ የማታውቅ፣ ወድዳም የማታውቅ፣ ጨርሶ ያላየች ባልቴትም ዶላሯን ታዋጣለች። ስለዚህ የጣቢያው ባለቤት ሁልጊዜ የሚፈልገው ሁሉም ሰው የሚገዛው መሠረታዊ ጥቅል ውስጥ መግባትን ነው። አከፋፋዩ ደግሞ፣ የሚፈልገው ሰው ብቻ ለይቶ ይክፈል፣ በስፖርት ጥቅል ውስጥ ለብቻው ይቀመጥ ይላል። ሁለቱም ስለ ተመልካቹ ሲሉ እንደሚከራከሩ ይምላሉ። የሁለቱም መሐላ ከፊሉ እውነት መሆኑ ነው ነገሩን አስቸጋሪ የሚያደርገው።

የፀቡ ሥር ወደ 1984 ይወስዳል። እስከዚያ ዘመን ድረስ የኮሌጅ እግር ኳስን የቴሌቪዥን መብት ጠቅልሎ የያዘው ኤንሲኤኤ የተባለው ብሔራዊ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር ሲሆን፣ የትኛው ቡድን ስንት ጊዜ እንደሚታይ የሚወስነውም እሱ ነበር። የኦክላሆማና የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲዎች ከሰሱት፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ጁን 27 ቀን 1984 በሰባት ለሁለት ድምፅ ፈረደላቸው። ተቃውመው ከቀሩት ሁለት ዳኞች አንዱ ባይረን ኋይት በወጣትነታቸው ራሳቸው ስመ ጥር የኮሌጅ ተጫዋች ነበሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲና ኮንፈረንስ የሚሉት የዩኒቨርሲቲዎች ስብስብ ጨዋታውን ለፈለገው መሸጥ ቻለ። ሲሸጡ ቆዩና፣ ሱቁንም ራሳችን እንክፈተው አሉ።

በጉልህ የተሳካለት ቢግ ቴን፣ «ታላቁ ዐሥር» የሚባለው የመካከለኛው ምዕራብ ስብስብ ነው። (በወቅቱ አባላቱ ዐሥራ አንድ ነበሩ፤ ዛሬ ዐሥራ ስምንት ናቸው፤ ስሙ ግን አልተነካም። ሒሳብ የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎች መሆናቸውን ላሰበ ይገርማል።) ከፎክስ ኩባንያ ጋር ተሻርኮ ጣቢያውን የከፈተው ኦገስት 30 ቀን 2007 ነው። በየአባል ግዛቱ ከእያንዳንዱ ቤት በወር 1 ዶላር ከ10 ሳንቲም ጠየቀ። የአገሪቱ ትልቁ የኬብል ድርጅት ኮምካስት፣ ጣቢያው የያዘው ትልልቆቹ ጣቢያዎች መርጠው ከወሰዱ በኋላ የተረፈውን ጨዋታ ነው ብሎ እምቢ አለ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ሴፕቴምበር 1፣ በዚሁ ጣቢያ ላይ ከሰሜን ካሮላይና ተራሮች የመጣ፣ ዝቅ ባለ ምድብ የሚጫወት አፓላችያን ስቴት የተባለ ቡድን ከአገሪቱ አምስተኛ የነበረውን ሚሺጋንን በገዛ ሜዳው፣ ከመቶ ሺህ በላይ ሕዝብ ፊት 34 ለ 32 አሸነፈ። በኮሌጅ እግር ኳስ ታሪክ እንዲህ ያለ ውርደት ከስንት አንዴ የሚታይ ነው። በሚሺጋን ግን ብዙ ቤት የኮምካስት ደንበኛ ነበርና፣ ጉዱን በሬዲዮ ሰማው እንጂ በዓይኑ አላየውም። የተረፈ ጨዋታ የተባለው ነገር ይህ ሆነ። ሁለቱ ወገኖች የታረቁት በተከታዩ ዓመት በጁን ነው፤ ጣቢያውም በኦገስት 2008 ወደ ኮምካስት ደንበኞች ቤት ገባ።

ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል። በዚህ ጠብ ውስጥ ሣሩ ለሁለቱም ዝሆኖች በየወሩ የሚከፍል መሆኑን ግን ተረቱ አላሰበውም። በምሥራቅ አፍሪካ ያለ አንባቢም ለነገሩ እንግዳ አይደለም፤ በ2007 የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ይዞ የገባው ጂቲቪ በጃንዋሪ 2009 መጨረሻ ድንገት ሲዘጋ፣ በኬንያና በኡጋንዳ በገንዘባቸው የገዙትን ሳጥን ታቅፈው የቀሩ ሰዎች ብዙ ነበሩ።

ፓክ 12 ከቢግ ቴን የተማረው ግማሹን ብቻ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። የጊዜው ኮሚሽነር ላሪ ስኮት ጣቢያውን ያለ ሸሪክ፣ መቶ በመቶ በዩኒቨርሲቲዎቹ ባለቤትነት እንዲቋቋም አደረጉ፤ አንድ አገር አቀፍና ስድስት የየአካባቢው፣ በድምሩ ሰባት ጣቢያ። ትርፉ ሁሉ የራስ ይሆናል የሚለው ሐሳብ በወረቀት ላይ ያማረ ነበር። ነገር ግን ከአከፋፋዮች ጋር ሲደራደር ከጎኑ የሚቆም ኃይለኛ ሸሪክ አልነበረውም፤ ምርጥ ምርጡ ጨዋታም በዐሥራ ሁለት ዓመት ውል፣ በ3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለኢኤስፒኤንና ለፎክስ አስቀድሞ ተሸጦ ነበር። ሃያ ሚሊዮን ገደማ ደንበኞች የነበሩት ዳይሬክቲቪ የተባለው የሳተላይት ድርጅት በዋጋውና በጥቅሉ አልስማማም አለ። ኮንፈረንሱም ደጋፊዎቹን «አከፋፋይ ቀይሩ» እያለ ቀሰቀሰ። ጥቂቶች ቀየሩ። ብዙዎቹ ግን እንደ አዛውንቱ ውላቸውን ቆጥረው፣ ዛሬ ነገ ይታረቃሉ ብለው ጠበቁ። ዐሥራ ሁለት ዓመት።

በዚህ መካከል የጣቢያውን በጎነት አለመናገር ግፍ ይሆናል። በዓመት ወደ 850 የሚጠጋ የቀጥታ ሥርጭት ያስተላልፍ ነበር፤ አብዛኛውም ሌላ ጣቢያ ዞር ብሎ የማያየው ነው፦ የሴቶች መረብ ኳስ፣ ጂምናስቲክ፣ ትግል፣ የሀገር አቋራጭ ሩጫ ሳይቀር። ከ2013 እስከ 2017 ለኦሪገን ዩኒቨርሲቲ የሮጠውና 17 ጊዜ የአሜሪካ ኮሌጆች ሻምፒዮን የሆነው ኬንያዊው ኤድዋርድ ቼሴሬክ የዚህ ኮንፈረንስ ልጅ ነበር። የሩጫ ፍቅር ከአገራቸው ይዘው የወጡት አዛውንት፣ ከእግር ኳሱ ይልቅ ያንገበገባቸው ይህ እንደ ነበር ይናገራሉ። ሀስኪዎቹ ሲጫወቱ ብዙ ጊዜ በሌላ ጣቢያ ይታያሉ። ጭቃ ላይ የሚሮጠውን ልጅ ግን የሚያሳየው ይኸው ያልመጣው ጣቢያ ብቻ ነበር።

አንዳንድ ቅዳሜ አዛውንቱ ጃኬታቸውን ደርበው ወደ ወጣቱ ጎረቤት ቤት ይሻገሩ ነበር። ክብራቸውን ቅር እያለውም ቢሆን። ወጣቱ ደግሞ የተማረው በግዛቱ ሌላኛው ጫፍ፣ በስንዴ እርሻ መካከል በምትገኘው ፑልማን ከተማ፣ በዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ቡድኑም የሀስኪዎቹ የዘመናት ባላንጣ የሆኑት ኩጋሮች ናቸው። ስለዚህ የጣቢያው ባለቤት እሱ፣ የቡናው ባለቤት እሳቸው ሆነው፣ አንዱ የሌላውን ቡድን እያንኳሰሰ ያመሹ ነበር።

ኮንፈረንሱ የፈረሰው ታዲያ በጣቢያው ምክንያት ብቻ አይደለም። ግን ገንዘቡ ከባላንጣዎቹ አንሶ መገኘቱ፣ ጨዋታውም በብዙ ቤት አለመታየቱ ቀስ በቀስ በላው። ጁን 30 ቀን 2022 የሎስ አንጀለሶቹ ዩኤስሲና ዩሲኤልኤ ወደ ቢግ ቴን እንደሚሄዱ አስታወቁ። በ2023 መጀመሪያ፣ ኮምካስት ለዓመታት 50 ሚሊዮን ዶላር ያህል አብልጦ ሲከፍል እንደ ኖረና ይህም ሳይነገረው እንደ ቆየ ታወቀ፤ ሁለት ኃላፊዎችም ተባረሩ። በዚያው ክረምት የቀረበው አማራጭ የአፕል ኩባንያ የኢንተርኔት ሥርጭት ሲሆን፣ ገቢው የሚያድገው ተመዝጋቢ በተገኘ ቁጥር ነበር። ዐሥራ ሁለት ዓመት ደንበኛ ፍለጋ የደከሙት ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ሲሰሙ ጉልበታቸው ራደ። ኦገስት 4 ቀን 2023፣ በአንድ ቀን፣ ዋሽንግተንና ኦሪገን ወደ ቢግ ቴን፣ አሪዞና፣ አሪዞና ስቴትና ዩታ ወደ ቢግ 12 ነጎዱ። ጥቂት ቆይተው ስታንፎርድና ካሊፎርኒያ፣ የሰላማዊ ውቅያኖስ ልጆች፣ የአትላንቲክ ዳርቻን ኮንፈረንስ ተቀላቀሉ። ከ1915 ጀምሮ ከቆየው ስብስብ የቀሩት ኦሪገን ስቴትና ዋሽንግተን ስቴት ብቻ ሆኑ። ጣቢያው ጁን 30 ቀን 2024 ተዘጋ።

እዚህ ላይ ነገሩ ተገለበጠ። ዳይሬክቲቪ የቢግ ቴንን ጣቢያ ገና ከተከፈተበት ከ2007 ጀምሮ ይዞታል። ሀስኪዎቹ በኦገስት 2024 የቢግ ቴን አባል ሲሆኑ፣ አዛውንቱ ሳህናቸውን ሳይነቅሉ፣ ውላቸውን ሳያፈርሱ ቡድናቸው መጣላቸው። ደስታቸው ግን ሙሉ አልነበረም። የመረብ ኳስ ተጫዋቾቹ ልጃገረዶች ለአንድ ግጥሚያ ከሲያትል ተነሥተው አገሩን አቋርጠው እስከ ኒው ጀርሲ እንደሚበሩ ሲሰሙ «ትምህርቱን መቼ ሊማሩት ነው?» አሉ። ከአጥሩ ማዶ ያለው ወጣትም ኬብሉ እንዳለ ሆኖ፣ ጣቢያውም ኮንፈረንሱም ከእጁ ወጥተዋል።

ጠቡ በዚህ አላበቃም፤ ባለጉዳዮቹ ተለዋወጡ እንጂ። ኦገስት 31 ቀን 2023 ፍሎሪዳና ዩታ እየተጫወቱ ሳለ ዲዝኒና ቻርተር ተጣልተው ወደ 15 ሚሊዮን በሚጠጋ ቤት ኢኤስፒኤን ጠፋ። በተከታዩ ሴፕቴምበር ተራው የዳይሬክቲቪ ሆነ፤ ለሁለት ሳምንት ያህል። በ2025 ደግሞ ከኦክቶበር መጨረሻ እስከ ኖቬምበር 14፣ «ኬብልና ሳህን ቀረ» ብለው ወደ ዩቲዩብ ቲቪ የሸሹት ተራቸው ደረሰ። ሁልጊዜም የሚጠፋው በጨዋታ ወራት ነው። በኤፕሪል ቢጠፋ ማን ይጮኻል?

ሴፕቴምበር 14 ቀን 2024 ሀስኪዎቹና ኩጋሮቹ በሲያትል ተገናኙ። አፕል ካፕ የሚሉት የቆየ ግጥሚያቸው ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜም የሁለት የተለያዩ ኮንፈረንሶች ጨዋታ ሆኖ ነበር። ወጣቱ ጨዋታው በሳህኑም በኬብሉም እንደማይገኝ፣ ፒኮክ በተባለ የኢንተርኔት አገልግሎት ብቻ እንደሚታይ ያወቀው ሊጀመር ሲል ነው። አጥሩን ዞሮ መጣ፤ አዛውንቱ ቡናውን አስቀርበው፣ ስልካቸውንም እንደ ልማዳቸው አጥፍተው ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ስልክዎን ያብሩት። የኔ ባትሪው አልቋል።»

የወሩን ክፍያ በወጣቱ ካርድ ከፍለው ስልኩን በስኳር ዕቃው ላይ አስደገፉት። ተጫዋቾቹ የጥፍር ያህል ሆነው ይራወጣሉ። ሀስኪዎቹ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ከግቡ መስመር አንድ ያርድ ያህል ቀርቷቸው ቆሙ፤ ኩጋሮቹ 24 ለ 19 አሸነፉ። አዛውንቱ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ትልቁንና ዝም ያለውን ቴሌቪዥን ለጥቂት ጊዜ ተመለከቱ።

«ይህኛው የማን ነበር አልከኝ?» አሉ፤ ሦስተኛውን ሲኒ እየቀዱለት።