ባትሪ የገዛሁባቸው ክረምቶች

ጨለማ እፈራለሁ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ላም ምጥ ሲጠናባት በሌሊት የሚጠራ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይህን ሲል ያስቃል፤ ባለቤቴም እስካሁን ትስቃለች። የሞተር ብስክሌቴን ጉዳይ ግን ይህን ደብቄ ላወራው አልችልም። ከኖፓ ወጣ ሲባል መንገዱ ግራና ቀኙ ቡና ነው፤ ከቡናው በላይ የጥላ ዛፉ ገጥሞ ጨረቃ ብትወጣም ብርሃኗ መሬት አይደርስም። ጅቡ አይደለም የሚያስጨንቀኝ፤ ጅብ የሞተር ድምፅ ሲሰማ ዞር ይላል። የሚያስጨንቀኝ ከፊት ጎማዬ ጥቂት ክንድ ራቅ ብሎ ያለውን ጉድጓድ አለማየቴ ነው። ዝናብ ሲጨመርበት ደግሞ ሞተሯ ይዛው የመጣችው መብራት የሚያሳየኝ ውኃውን ብቻ ነው።

ስለዚህ ሁለት ተጨማሪ የኤልኢዲ መብራት አስገጠምኩ። ለጠየቀኝ ሁሉ "ለሥራ ነው" አልኩ። ውሸት አይደለም፤ ሙሉው እውነት ግን አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ባትሪ አልበረክት አለኝ። ጠዋት ቁልፍ ሲዞር የዳሽቦርዱ መብራት ፈዘዝ ይላል፣ ስታርተሩን ስነካው "ጠቅ" ብሎ ዝም። በእግር እየረገጥኩ አስነሳለሁ። በጋውን እንደምንም ያልፋል፤ ክረምት ሲገባ አዲስ ባትሪ እገዛለሁ። በኢሉባቦር ክረምት ሲባል ደግሞ ሌላው አገር እንደሚያውቀው ሐምሌና ነሐሴ ብቻ አይደለም። ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምትና ኅዳር የሚዘንብበት አገር ነው፤ ጎሬ ላይ በዓመት የሚወርደው ዝናብ ወደ 2000 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ጭቃው ቀይ ነው፤ ሲደርቅ እንደ ሸክላ ይጠነክራል፤ ያገኘው ቀዳዳ ሁሉ ውስጥ ይገባል።

የባትሪ ሻጩም፣ ጎረቤቱም፣ ቡና እየጠጣ የሚሰማውም ሁሉ ፍርዱ አንድ ነበር፦ የድሮ ባትሪ ቀረ፤ አሁን የሚመጣው ሁሉ የማይረባ ነው። ይህ ፍርድ ደስ ይለኝ ነበር። ጥፋቱን ከሩቅ አገር ሰው ላይ ስለሚጥል መብራቶቼን ማንም አይነካብኝም።

አንድ ቀን ከመቀመጫው ሥር የወደቀ የመድኃኒት ጠርሙስ ስፈልግ እጄ የባትሪውን ቻርጅ የሚቆጣጠረውን ሬጉሌተር ነካ። ክንፍ ክንፍ ያለው፣ ከመዳፍ ያነሰ ጥቁር አሉሚኒየም ነው። ጣቴን አቃጠለኝ። እንግዲህ በሽታው ተገኘ አልኩ፤ መብራቶቼ ከብደውት ነው የጋለው ብዬ። ፈራሁም፣ ጥፋተኛነትም ተሰማኝ። ቀን ቀን መብራቶቹን እያጠፋሁ እሄድ ጀመር። ሬጉሌተሩ ባሰበት እንጂ አልተሻለውም። መብራት በጠፋ ቁጥር የሚግል ዕቃ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም ነበርና ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ።

ትርጉሙን ያገኘሁት መቱ ከተማ ነው። የመኪናና የሞተር ኤሌክትሪክ የሚሠራ ወጣት አለ፤ የልጄ እኩያ ነው፤ "ኦቦ" እያለ ያናግረኛል። ሰው እንዳያየኝ ማልጄ ሄድኩ። በልጅ መታረም ያኮራል የሚል ሰው ካለ ቀርቦ ይሞክረው።

"ኦቦ፣ ይሄ ስንተኛ ባትሪዎ ነው?" አለኝ። መልሱን አሳንሼ ነገርኩት።

ሬጉሌተሩ መጋሉን ስነግረው ምንም አልገረመውም። መሬት ላይ ተቀምጦ በእንጨት እየጫረ አስረዳኝ። በሞተሩ ክራንክ ጫፍ ላይ ማግኔት ይሽከረከራል፤ በመካከሉ የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ኮይል አለ። ማግኔቱ ቋሚ ስለሆነ ሞተሩ እስከዞረ ድረስ ኮይሉ ኮረንቲ ያመነጫል፤ በፍጥነት ሲዞር ደግሞ አብዝቶ። የመኪና ዲናሞ ውስጥ ማግኔቱን የሚፈጥረው ራሱ ኮረንቲ ነው፤ ፍላጎት ሲቀንስ ያንን ይቀንሱታል፣ ዲናሞው ያርፋል። የኛን ማግኔት ግን የሚያሳርፈው የለም። በምሳሌ ልግለጸው፦ ሶር ወንዝ ላይ ያለችው 5 ሜጋ ዋት የምታመነጭ የኃይል ማመንጫ የሚፈለገው ኃይል ሲቀንስ ወደ ተርባይን የሚገባውን ውኃ ትቀንሳለች። ለአንድ መንደር የሚተከሉት ጥቃቅን የውኃ ማመንጫዎች ብዙዎቹ ግን እንዲህ ያለ መቆጣጠሪያ የላቸውም፤ የተረፈውን ኃይል ውኃ ወደሚያሞቅ ሽቦ ይጥሉታል። የኔ ሞተር ከሁለተኞቹ ወገን ናት። ባትሪውና መብራቱ ያልፈለጉትን ሬጉሌተሩ ከማሳ፣ ማለትም ከሞተሯ ብረት ጋር እያገናኘ ወደ ኮይሉ ይመልሰዋል፤ ያም ሙቀት ሆኖ ያልቃል፤ ከፊሉ በሬጉሌተሩ ላይ፣ ከፊሉ በኮይሉ መዳብ ላይ። እኔ መብራት ሳጠፋ የሚተርፈውን እያበዛሁለት ኖሯል።

"እና አይጋል ማለት አይቻልም?"

"ይጋል እንጂ። ሙቀቱ መውጫ ካጣ ነው ችግሩ።" ጎንበስ ብሎ ክንፎቹን አሳየኝ። በክንፎቹ መሐል የኖፓ ቀይ ጭቃ ደርቆ ሞልቶ ነበር። ክንፍ የተሠራው ነፋስ እንዲያገኘው ነው፤ ጭቃ ሲሞላው መሠራቱ ከንቱ ነው። በካቻቢቴ ጫፍ ፈነቀለው፤ እንደ ሸክላ ስባሪ ቁራጭ በቁራጭ ወደቀ። ሽቦ ላይ የሚቀባው ቫርኒሽ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግምት በግማሽ ያጥራል፤ የኤሌክትሪክ ሰዎች ሁሉ የሚያውቁት ሕግ ነው። ኮይል የሚቃጠለው በአንድ ቀን አይደለም ማለት ነው።

ሌላ ዓይነት ሬጉሌተርም አለ፤ የተረፈውን ከማሳ ጋር በማገናኘት ፈንታ መስመሩን ቆርጦ ኮይሉን የሚያሳርፍ። ዋጋው ይወደዳል፤ ትልልቅ ሞተሮች ላይ ነው የሚበዛው። ልግዛው ስል ልጁ ቴስተሩን አወጣ። "መጀመሪያ እንለካ" አለ።

ከዚያ በኋላ ያደረገውን አሁን በቃሌ አውቀዋለሁ። ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪው ላይ ለካ፦ 12.1። ደህና ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.6 እና ከዚያ በላይ ያሳያል፤ የኔው ገዝቼው ክረምቱ እንኳ አላለቀም። አስነስቶ ጋዝ ጨመረ፦ 12.9። 14 አካባቢ መድረስ ነበረበት። እዚህ ላይ እኔ ብሆን ኮይሉ ተቃጥሏል ብዬ ክራንክኬዙን አስከፍት ነበር። እሱ የኮይሉን ሦስት ቢጫ ሽቦዎች ፈታና ሁለት ሁለቱን እያጣመረ ለካ፤ ሦስቱም ጥምር እኩል ሆኑ። ከማሳ ጋር የሚገናኝ ሽቦ አለ ወይ ብሎም ፈተነ፤ የለም። ኮይሉ ጤነኛ ነው። ሽቦዎቹን መልሶ አስነሳና የቴስተሩን ቀይ ጫፍ ከባትሪው ላይ አንስቶ ከሬጉሌተሩ በሚወጣው ሽቦ ላይ አሳረፈ። 14.3።

ዝም ብሎ አየኝ። እኔም ዝም ብዬ አየሁት፤ አልገባኝም ነበር።

በሬጉሌተሩና በባትሪው መካከል ያለው ሽቦ ከክንድ አይረዝምም። በዚያች ክንድ ውስጥ 1.4 ቮልት ጠፍቷል። የጠፋበትን በዓይን አገኘነው፦ ነጭ የነበረች የፕላስቲክ ሶኬት፣ አንድ ጎኗ ቡናማ ሆኖ ቀልጦ የተጨማደደ። ሲከፍታት የነሐስ ጥርሶቿ አረንጓዴ ዝገት ለብሰው ነበር። ሒሳቡን በእንጨቱ መሬት ላይ ጻፈልኝ፦ 6 አምፒር በዚያ ሲያልፍ ከ8 ዋት በላይ በአንዲት የጥፍር ስፋት በማይሞላ ጥርስ ላይ ሙቀት ይሆናል። ሙቀቱ የጥርሱን ስፕሪንግ ያላላዋል፤ ሲላላ ኮረንቲው ይበልጥ ይቸገራል፤ ሲቸገር ይበልጥ ይግላል። ሬጉሌተሩ ደግሞ የሚያየው ራሱ ዘንድ ያለውን 14.3 ነው፤ ባትሪው የጠገበ ይመስለዋል። ባትሪው ግን በ12.9 መቼም አይሞላም። ሳይሞላ የቆየ የእርሳስ ባትሪ ሳህኖቹ ላይ ነጭ ቅርፊት ይጋገርበታል፤ ያ ከጠነከረ በኋላ ቻርጅ አይመልሰውም። የቀበርኳቸው ባትሪዎች ሁሉ በዚች ሶኬት ነው ያለቁት፤ የሩቅ አገሩ ሰው ንጹሕ ነው።

ውኃው ከየት ገባ? ከዝናቡ ነው ብዬ ነበር፤ ልጁ ግን መጀመሪያ የጠረጠረው ላቫጆውን ነው። ገጠር ደርሼ ስመለስ ጭቃዋን በግፊት ውኃ አሳጥባለሁ፤ የሚያጥበው ልጅም ሥራውን የሚወድ ነው፣ ከመቀመጫ ሥር ሳይቀር ያስገባዋል። የኢሉባቦር ዝናብ ከላይ ነው የሚወርደው፤ ያ ቱቦ ግን ከታች ወደ ላይ ነው የሚተኩሰው።

የሚያሳፍረኝ ይህ ሁሉ አይደለም፤ ሶኬት መሆኑን ማን ያውቃል። የሚያሳፍረኝ እኔ ራሴ ገበሬውን "ትኩሳቱ በሽታው አይደለም፤ ለምን እንደተኮሳት እንይ" እያልኩ የማስተምር፣ ሳልመረምር መርፌ የወጋ የሥራ ባልደረባዬን የምቆጣ ሰው መሆኔ ነው። ቴርሞሜትሬ ከደረት ኪሴ አይለይም። ለሞተሬ ግን መለኪያ ያዝ ያለኝ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኩም፤ ምክንያቱም መልሱ መብራቶችህን ንቀል የሚል እንዳይሆን ፈርቼ ነበር። ሁለቱ ተደምረው 40 ዋት ነው የሚፈጁት። ልጁ "ይችላቸዋል፣ ይብሩ" አለኝ። የፈራሁት ፍርድ ከመጀመሪያው የለም።

ሶኬቷን ቆርጦ ጣላት። ከሬጉሌተሩ እስከ ባትሪው ወፈር ያለ ሽቦ በፊውዝ አድርጎ በቀጥታ ዘረጋ፤ መጋጠሚያውን በስታኞ አያያዘው፤ ማሳውንም ከሻንሲው ብቻ ሳይሆን ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር በራሱ ሽቦ አገናኘው። ሬጉሌተሩን ነፋስ ወደሚያገኝበት ጎን አዞረው። ባትሪው ላይ ሲለካ 14.2 አለ። "ከ15 ካለፈ ግን ሬጉሌተሩ ራሱ አብቅቷል ማለት ነው፤ ባትሪው ይፈላል፣ የተበላሸ እንቁላል ይሸትዎታል፣ አምፖሉም ይቃጠላል፤ ያኔ ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ" አለኝ። ያስከፈለኝ ከአንድ ባትሪ ዋጋ በብዙ ያነሰ ነበር። ቴስተር ግን እዚያው መቱ ገዛሁ፤ ከቴርሞሜትሬ ጋር አብሮ ይጓዛል።

ከዚያ ወዲህ ታሪኬን የሰማ፣ በሌላ ወረዳ የሚሠራ ወዳጄ የመሥሪያ ቤቱን ሞተር ይዞ መጣ፤ ያው ባትሪ የመብላት በሽታ ነው። ከግቢዬ ዛፍ ሥር ለካንላት፤ የሷ የጠቆረው የቢጫዎቹ ሽቦዎች ሶኬት ነበር። ወዳጄ ተደስቶ ሄደና ሶኬት እንዲገዛለት ጥያቄ ጻፈ። ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ ተባለ። ሶኬቷን የሚሸጠው ሰው ደግሞ ለዚች ብሎ ፕሮፎርማ አይጽፍም፤ ሳቀበት። ባትሪ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው፤ በየዓመቱ የሚታወቅ ዕቃ ነው፣ ዋጋው በሰነድ አለ፣ ከነፊርማው በዚያው ሳምንት ወጣለት። ወዳጄ ሶኬቷን ከኪሱ ገዝቶ አስገጠመ። የመጣለት አዲስ ባትሪ አሁን ቢሮው መደርደሪያ ላይ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ስልኩን ቻርጅ ያደርግበታል።