ሁለት ዛፍ

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ከሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላሉ አባቶቻችን። እኛ ግን ሒሳብንና ኢኮኖሚክስን ባንድነት በዋና ትምህርትነት እንይዛለን ብለን ተነሣን፤ አራት ነበርን።

ነገሩ ከንቱ ምኞት አልነበረም። ካልኩለስና ስታቲስቲክስ ለሁለቱም ያስፈልጋሉ። የዋጋን መናር ለመመርመር ስሌት ግድ ነው፤ ስሌቱም ገበያውን ካላወቁት ባዶ ነው።

ሬጅስትራር ቢሮ ስንደርስ ግን ያላሰብነው ደንብ ገጠመን። የጋራው ኮርስ የሚቈጠረው ለአንዱ ክፍል ብቻ ስለ ሆነ፥ በምትኩ ሌላ መውሰድ ግዴታ ነው፤ የሁለቱም ክፍል ኃላፊዎች መፈረም አለባቸው፤ ማመልከቻውም የሚቀርበው በሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ ነው። እኛ የመጣነው በሦስተኛው ዓመት ነበር!

ደንቡን አንነቅፍም። ገደብ ባይኖር ተማሪው ባንድ ድካም ሁለት ማዕርግ ይወስድ ነበርና። ደግሞም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና አለ፤ ሁለቱንም ላይ ላዩን የያዘ ተማሪ በአንዱም አይድንም። የምናዝነው ደንቡ በመሳቢያ ተቀምጦ ሳለ፥ ሳናውቀው ስለ ተፈረደብን ነው። በ2012 ዓ.ም. የተመለሰው የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት ተማሪው መንገዱን የሚመርጥበት ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ቢነገረን ምን ነበረበት?

ካራታችን ሦስታችን ኢኮኖሚክስን ትተናል። አንዱ ጓደኛችን ማታ ማታ ከፍሎ ይማረዋል፤ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። አዲስ ገቢ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፥ ሁለቱን ዛፍ ተመኙ፤ ነገር ግን እግራችሁን ከማንሣታችሁ በፊት ደንቡን ጠይቃችሁ አንብቡ።