የሞረት ዋልካና የመጎተቻው ገመድ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ደብረ ብርሃን የደረሰ መንገደኛ፥ ፊቱን ወደ ምዕራብ መልሶ በደነባ በኩል ቢያልፍ ሞረትና ጅሩ ወደሚባለው ሜዳ ይገባል። አገሩ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ደጋ ሲሆን፥ እንደ ገበታ የተዘረጋ፥ ስንዴና ባቄላ፥ ምስርና ጤፍ የሚያበቅል ለም ምድር ነው። የሜዳው ዳርቻ ግን በድንገት ተቈርጦ ወደ ጀማ ወንዝ ሸለቆ ይወርዳል፤ ጀማም ውሃውን ይዞ ከዓባይ ይቀላቀላል። በገደሉ አፋፍ ጭላዳዎች በመንጋ ሆነው ሣር ሲነጩ ይታያሉ። የደብረ ብሥራት አቡነ ዜና ማርቆስ ገዳምም የሚገኘው በዚሁ አገር ነው።

የዚህ ሜዳ አፈር ጥቁር ነው፤ ገበሬው ዋልካ ይለዋል። በበጋ ሲደርቅ ምድሩ ሁሉ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም የሰው ክንድ ያስገባል። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ በወረደበት ጊዜ ግን ያው አፈር ውሃውን ጠጥቶ ያብጣል፥ ስንጥቁም ይደፈናል፥ የቀረው ውሃ መውረጃ አጥቶ በላዩ ይተኛል። የዚህም ምክንያት በአፈሩ ውስጥ ያለው እጅግ የደቀቀ ሸክላ ነው፤ ውሃ ሲያገኝ ይለጠጣል፥ ሲያጣ ይኰማተራል። የአፈር ሊቃውንት እንደ ጻፉት በአገራችን እንዲህ ያለው መሬት 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ሲሆን፥ ከግማሽ የሚበልጠው በደጋው ክፍል ይገኛል።

የሞረትና የጅሩ ገበሬ ይህን የአፈር ጠባይ ከማንም አስቀድሞ ስለሚያውቅ፥ ማሳውን በሰፋፊ መደብ ከፍሎ በመካከሉ ቦይ እያወጣ ውሃውን ያፈስሰዋል። ሥራው ለረጅም ዘመን በቤተ ሰቡ እጅ፥ እናቶችና ልጆች ጭምር ሆነው ሲሠሩት የኖረ ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የእርሻ ተመራማሪዎች በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ ለማስለመድ ወደ እነዋሪ በመጡ ጊዜ፥ ገበሬው መደቡንና ቦዩን በእጁ ሲሠራ አግኝተውታል። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዘው፤ ወደ ኋላ ይጠቅመናልና።

እህል የሚያበላን ይህ አፈር ለጎማ ግን ጠላት ነው። ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ገጠር መንደር የሚያቀና መኪና በክረምት ጥቂት እንደ ሄደ ጭቃው በጎማው ላይ ይጋገራል፤ የጎማው ጥርስ ይሞላል፥ እንደ ተላጨ ራስም ይለሰልሳል፤ ከዚያ በኋላ አራቱም ጎማ ቢዞር መኪናው በቈመበት ይሰምጣል እንጂ አይራመድም። በ2010 ዓ.ም. በነሐሴ ወር አንዲት እናት ምጥ ጠንቶባት ወደ ጤና ጣቢያ ስትወሰድ የተሳፈረችበትን መኪና ዋልካው ያዘው። የመንደሩ ጐልማሶች ቃሬዛ ሠርተው በትከሻቸው አደረሷት፤ እርስዋ በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፈች፥ ሕፃኑ ግን ጭንቁን አልቻለም። በአዲስ አበባ የምንኖር የአገሩ ተወላጆች ያቋቋምነው ማኅበር ለመንደሮቹ የሚያገለግል አንድ አሮጌ ላንድክሩዘር ነበረውና፥ በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. በተደረገው ስብሰባ ለዚህ መኪና ዊንች እንዲገዛለት ተወሰነ። ገንዘቡ ከየቤቱ የተዋጣ፥ እጅግም ያልበዛ ስለ ነበረ፥ ሾፌሩና እኔ መርጠን እንድንገዛ ታዘዝን።

ዊንች ማለት በመኪናው ግንባር ላይ የሚታሠር፥ በባትሪ ኀይል በሚዞር ሞተር ገመድ እየጠቀለለ መኪናው ራሱን ከሰመጠበት እንዲያወጣ የሚያደርግ መሣሪያ ነው። በአሜሪካ አገር በ1948 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ዋርን የተባለው ኩባንያ በ1959 እ.ኤ.አ. ለግል መኪና የሚሆነውን የኤሌክትሪክ ዊንች ለገበያ ካቀረበ ወዲህ፥ ብዙ ፋብሪካዎች በየዓይነቱ ይሠሩት ጀመር። ዛሬ ዋጋው ከፋብሪካ ፋብሪካ እጅግ ይለያያል፤ ገንዘቡ የተመጠነ ሰው የሚቸገረውም በዚሁ ነው።

በአዲስ አበባ የመኪና ዕቃ የሚፈልግ ሰው ወደ ሱማሌ ተራ መሄዱ የታወቀ ነው። እኛም ከሱቅ ሱቅ ስንዞር አንድ ነጋዴ ያማረ ሣጥን አውጥቶ፥ «መምህር፥ ይህ 13,000 የሚስብ ነው፤ ዋጋውም ከሌሎቹ ሁሉ ያነሰ ነው» አለኝ። ሾፌራችን በዕድሜ የሚበልጠኝ፥ ሠላሳ ዓመት መሪ የያዘ ሰው ነውና ዊንቹን በእጁ አንሥቶ ክብደቱን ገመተ። «ጋሼ፥ ምን ይመስልዎታል?» ብለው፥ «13,000 የሚስብ ዕቃ በአንድ እጅ አይነሣም። ቍጥሩን በሣጥኑ ላይ መጻፍ ቀላል ነው፤ መዳቡንና ብረቱን ውስጡ መክተት ግን ገንዘብ ይጠይቃል» ሲል መለሰልኝ። በእርግጥም 12,000 የሚባለው ደኅና ዊንች ከነሽቦ ገመዱ ከ35 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል።

በሣጥኑ ላይ የሚጻፈው ቍጥር አብዛኛውን ጊዜ በፓውንድ ስለ ሆነ በመጀመሪያ ወደ ኪሎ ግራም መመለስ ያሻል። 9,500 ፓውንድ 4,300 ኪሎ ግራም፥ 10,000 ፓውንድ 4,536፥ 12,000 ፓውንድ ደግሞ 5,443 ኪሎ ግራም ያህል ነው። የሚበጀውን ለመምረጥ የተለመደው ሥርዓት የመኪናውን ክብደት ከነጭነቱ መዝኖ በአንድ ተኩል ማባዛት ነው። የእኛ መኪና ሰውና ዕቃ ሲጫን 3,000 ኪሎ ግራም ይደርሳል፤ በአንድ ተኩል ቢባዛ 4,500 ይሆናል። ስለዚህ 10,000 ፓውንድ የሚስበው ይበቃናል፤ ከዚያ በላይ ላለው ቍጥር የሚከፈለው ገንዘብ ለሌላ ነገር ይውላል ማለት ነው።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። የተጻፈው ጕልበት የሚገኘው ገመዱ በመጠቅለያው ላይ አንድ ድርብ ብቻ ሲቀር ነው። ገመዱ በተደራረበ ቍጥር መጠቅለያው ስለሚወፍር ጕልበቱ ይቀንሳል፤ በአራተኛው ድርብ ላይ ከተጻፈው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ብቻ ይቀራል። ሐቀኛ ፋብሪካ ይህንና ሞተሩ በየጭነቱ የሚጠጣውን ኤሌክትሪክ በሠንጠረዥ አድርጎ ከዕቃው ጋራ በሚሰጠው መጽሐፍ ያሳያል። ሠንጠረዥ የሌለውን ዕቃ ሾፌራችን ዐይቶ እንዳላየ አለፈው።

ሞተሩም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በቋሚ ማግኔት የሚሠራ ሲሆን ዋጋው ርካሽ፥ የሚጠጣው ኤሌክትሪክም ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ቶሎ ይግላልና ለአጭር ሥራ እንጂ ለረጅም ትግል አይሆንም። ሁለተኛው ማግኔቱን ራሱ በመዳብ ጥቅል የሚፈጥር ነው፤ ይህኛው ከባድ ጭነት ይችላል። እኛ ሁለተኛውን መረጥን። ያም ቢሆን እንዲህ ያለው ሞተር በሙሉ ጭነት ሲስብ ከ350 እስከ 450 አምፔር ይጠጣል፤ የመኪና ዲናሞ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ150 አምፔር በላይ አይሰጥም። የጐደለውን የሚሞላው ባትሪው ነው። ስለሆነም ያረጀ ባትሪ ባለው መኪና ላይ ውድ ዊንች መግጠም በደረቀ ጕድጓድ አዲስ መቅጃ እንደ ማውረድ ነው። ሲሳብም የመኪናው ሞተር እንደ ተነሣ መቈየት አለበት፤ ዊንቹም ጥቂት ስቦ ጥቂት ማረፍ ይገባዋል።

ማኅበሩን ያከራከረው ግን ገመዱ ነበር። የሽቦ ገመድ ርካሽ ነው፤ ድንጋይ ቢፈትገውም ይችላል። ከሰው ሠራሽ ክር የተገመደው ግን ዋጋው ከፍ ይላል፥ ፀሐይና አሸዋም ይጐዱታል። ገንዘብ ያዣችን ቈጣቢ ሰው ናቸውና፥ «መምህር፥ የሚስበው ያው ከሆነ ስለምን ትርፍ እንከፍላለን?» አሉኝ። እኔም እንዲህ ስል መለስሁላቸው፦ «በገጠር መኪና በሰመጠ ጊዜ መጀመሪያ የሚደርሱት ሕፃናት ናቸው፤ ከብት ጠባቂው ሁሉ ለማየት ይከባል። የተወጠረ ሽቦ ቢበጠስ እንደ ጅራፍ ተመልሶ ያገኘውን ይቈርጣል። የክሩ ገመድ ግን ቀላል ስለ ሆነ ቢበጠስ ይህን ያህል አይወረወርም። ከቍጥሩ እንቀንስ፥ ገመድ አልባውን ማዘዣ እንተወው፥ ከልጆች ዕድል ግን አንቀንስ።» አባታችን ጥቂት ዝም ብለው፥ «እንግዲያው የክሩ ይሁን» አሉ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለውም እኮ ስለ ክር ነው።

ከዚህም ሌላ ሦስት ነገር ገዛን። የመጀመሪያው ዊንቹ የሚቀመጥበት ወፍራም ብረት ነው፤ ይህም ከሻንሲው ጋራ በቡሎን ታሠረ እንጂ በግንባሩ ላሜራ ላይ አልተንጠለጠለም፤ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ። ሁለተኛው ፑሊ ነው፤ ገመዱ በእርሱ ዞሮ ወደ መኪናው ሲመለስ ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል፥ ጕልበቱ ግን ወደ እጥፍ ይጠጋል። ሦስተኛው ዛፍ ሳይላጥ የሚታሠርበት ሰፊ ጠፍር ነው። በተረፈው ገንዘብ ሁለት አካፋ ገዛንበት።

በሐምሌ 2011 ዓ.ም. መድኃኒትና የተማሪ ደብተር ጭነን ወጣን። እነዋሪን አልፈን ወደ አንድ መንደር ስንታጠፍ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ወርዶ ስለ ነበር መኪናው በማለዳ ሰመጠ፤ ጭቃውም ከጎማው አልፎ ፓራፋንጎው ደረሰ። የወታደር መኪና የሚያነሡ ባለሙያዎች እንደሚያስተምሩት፥ እስከ ጎማው የሰመጠ መኪና ለማውጣት የራሱን ክብደት ያህል ጕልበት ይጠይቃል፤ እስከ ፓራፋንጎው ከሰመጠ ግን እጥፉን ይሻል። ለእኛ ይህ 6,000 ኪሎ ግራም ማለት ነው፤ ዊንቻችን ብቻውን የማይችለው።

ዙሪያውን ብናይ ዛፍ የለም። በሩቅ በቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ጽድና ወይራ ይታያል፤ ገመዳችን ግን 28 ሜትር ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከማሳቸው መጥተው ጎማውን የከበበውን ውሃ አዩና፥ «ልጆቼ፥ ውሃው ሳይወጣ ምን ይሳባል? አስቀድማችሁ ቦይ አውጡለት» አሉን። እንደ ተናገሩትም በአካፋው ከየጎማው ሥር እስከ መንገዱ ተዳፋት ቦይ ቀደድን፥ ከፊት ያለውንም ጭቃ ጠረግን፤ ውሃው ፈሰሰ፥ የሚፈለገውም ጕልበት ቀነሰ። ከዚያ ከመኪናው ፊት ገመዱ ደርሶ ሊመለስ በሚችልበት ርቀት ጕድጓድ ቈፍረን ተጠባባቂውን ጎማ በጠፍር አሥረን ቀበርነው፤ አፈሩን መልሰን ረገጥነው። ዛፍ በሌለበት አገር ምሰሶ የሚሆነው ይህ ነው። ፑሊውን በጠፍሩ ላይ አያያዝን፥ ገመዱንም በእርሱ አዙረን ሜንጦውን ወደ መኪናው መለስን።

ሕፃናቱ እንደ ጠረጠርነው ተሰብስበው ነበር። ሽማግሌው ከገመዱ ርዝመት የሚበልጥ ርቀት ላይ ወስደው አስቀመጡአቸው፤ አንድም ሰው ገመዱን እንዳይሻገር ከለከልን። የክር ገመድ ቢሆንም ሜንጦ ወይም ቀለበት ሊሰበር ይችላልና፥ በገመዱ መካከል እርጥብ ዶንያ ጣልንበት፤ እንዲህ ያለ ክብደት ገመዱ ቢለቀቅ ወደ መሬት ያወርደዋል። ሾፌሩ ጓንት አጥልቆ፥ በመጠቅለያው ላይ ከአሥር ዙር ያላነሰ ገመድ መቅረቱን ተመልክቶ ማዘዣውን ነካ። ዊንቹ ቀስ ብሎ ማቃሰት ጀመረ፤ ሳበ፥ አረፈ፥ ደግሞ ሳበ። መኪናውም ከሩብ ሰዓት በኋላ ከጭቃው ተላቆ በጠንካራው መሬት ላይ ቈመ።

እንግዲህ በየአገሩ እንዲህ ያለ ማኅበር ያላችሁ አንባብያን፥ ዊንች ስትገዙ ርካሹን መፈለጋችሁ ነውር አይደለም፤ የሕዝብ ገንዘብ በቍጠባ ሊወጣ ይገባዋልና። ነገር ግን ቍጠባው ከየት ላይ እንደ ሆነ ለዩ። ከጌጡና ከማያስፈልግ ትልቅ ቍጥር ላይ ቀንሱ፤ ከባትሪው፥ ከማሠሪያው ብረትና ከገመዱ ላይ ግን አትቀንሱ። በበጋም ጊዜ ቢሆን ገመዱን እየፈታችሁ እጠቡት፥ የተበጠሰ ክር እንዳለበት በጣታችሁ እየዳበሳችሁ መርምሩት፤ ከስድስት ወር በላይ ያልተነካ ዊንች በችግር ቀን እንዲታዘዝ ተስፋ አይደረግበትም። አካፋውንም ከመኪናው አታውርዱ።

ያ ክረምት አልፎ መስከረም እስኪጠባ ድረስ ዊንቹ አራት ጊዜ ሠራ። ከአራቱም በሁለቱ መኪናው ላይ ሕመምተኛ ነበረ፤ ሁለቱም ጤና ጣቢያው በጊዜ ደረሱ።