እትዬ፣ ራስዎን አይክሰሱ

እትዬ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎ፤ የልጅዎንም ነፍስ በገነት ያኑርልን።

ልቅሶው ላይ «ቀደም ብላ ታክማ ቢሆን ኖሮ» ሲባል፣ አንገትዎን ደፍተው ሲሰሙ አይቻለሁ። ሰው መሀል መልስ መስጠት አልሆነልኝም፤ በነርስነቴ የማውቀውን በደብዳቤ ልንገርዎ።

እርስዎ ያላደረጉት ነገር የለም። ፀሐይ ላይ ውላ ገብታ ትኩሳት ሲይዛት፣ ምች ነው ብለው ዳማከሴ ጨመቁላት። በሁለቱ ጉንጮቿ ላይ ጠቆር ያለ ነገር ሲወጣ ሰፈሩ ሁሉ ማድያት አለው። ትኩሳቱ ሲመላለስ ክሊኒክ ወሰዷት፤ የታይፎይድ መድኃኒት ታዘዘላት። ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አልታጠፍ ሲሏት የሸሚዟን ቁልፍ የሚቆልፉላት እርስዎ ነበሩ። ከእነዚህ አንዱን ብቻ ይዞ የመጣን ሰው «ይህ ሉፐስ ነው» ማለት ለሐኪምም ከባድ ነው። በሉፐስ የሰውነት መከላከያ የገዛ አካሉን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሲወጋ፣ አንድ ጊዜ መገጣጠሚያ ላይ፣ አንድ ጊዜ ቆዳ ላይ፣ አንድ ጊዜ ደም ላይ ያርፋል፤ ደግሞ ተወት ያደርጋል። ፀሐይ ይቀሰቅሰዋል። ክፋቱ ኩላሊት ሲነካ ነው፤ ሕመም ስለሌለው እግርና ፊት እስኪያብጥ ድረስ ላይታወቅ ይችላል። የእርሷም እንዲሁ ነበር።

ከታወቀ በኋላስ? የታዘዘላት ፕሬድኒሶሎን ፊቷን ሲያሳብጠው «ከእንግዲህ አልውጥም» ስትል፣ በአንድ እጅዎ ጉርሻ፣ በሌላው ክኒኑን ይዘው እየለመኑ አስዋጧት። ያ መድኃኒት በድንገት ቢቋረጥ ራሱ አደጋ ነው፤ እርስዎ አንድ ቀን አላስዘለሏትም። ይህን ያደረገች እናት «ልጄን እኔ ነኝ የገደልኳት» አትልም። በሽታው እርግማን አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም፤ ልብሷን አቃጥዪ ያሉዎትን አይስሟቸው።

አሁን ግን እንባዎ ሳይደርቅ የማስቸግርዎ ነገር አለ። ታናሽየዋ ጠዋት ጠዋት እጄ ይተሳሰራል ማለት መጀመሯን ሰማሁ። አይደንግጡ፤ እህታቸው በሉፐስ የታመመችባቸው አብዛኞቹ ራሳቸው አይታመሙም። ሆኖም ዕድሉ ከሌላው ሰው ይልቅ ለእነሱ ከፍ ይላል፤ ከ10 ታማሚዎች 9ኙ ያህልም ሴቶች ናቸው። የደም ግፊቷ ይለካ፣ ሽንቷ ለፕሮቲን ይታይ፣ ኤኤንኤ የሚባለው የደም ምርመራም ይሠራላት። ቢገኝባት እንኳ፣ ቀድሞ ለወባ ይሰጥ የነበረውን ሃይድሮክሲክሎሮኪን እየወሰዱ፣ ዓይናቸውን በየጊዜው እያስመረመሩ፣ ጃንጥላ ሳይዙ ከቤት ሳይወጡ፣ ሥራ የሚሠሩና ወልደው የሚስሙ ሴቶች አውቃለሁ።

ሰኞ ጠዋት መጥቼ እኔው ራሴ እወስዳታለሁ፤ እርስዎ ብቻ እሺ ይበሉኝ።